ጋሼ የቆረሱት ሣጥን

«ኧረ ምን ሥራ አላት! ቤት ቁጭ ብላ ሻጋታ ታረባለች እንጂ!»

ካርቶን ይህን የሰማችው ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የጥርስ ብሩሿ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው። መታጠቢያ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ተባለ እንጂ ማስነጠስ እንኳ አያግድም። አክስቷ ደግሞ ስልክ ስታነሳ ስልክ የሚሉት ነገር ለምን እንደተፈለሰፈ የዘነጋች ይመስል ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ ከከተማው ማዶ ያለችው እህቷ መስኮት ብትከፍት ይበቃት ነበር። «ዛሬ አማቾቻችን መጥተው ምን ትሠራለች ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» ትላለች። «የራሴ ልጅ መሐንዲስ ልታገባ ነው፤ ያሳደግኳት የወንድሜ ልጅ ደግሞ ቁም ሣጥኔ ውስጥ እንጉዳይ ታበቅላለች ልበል?» ካርቶን አፏን ተጉመጥምጣ ተፋች። ከፍቷት ማልቀስ አማራት፤ ግን በቀላ ዓይን ለሥራ ቀጠሮዋ ሽቶ ቤት መሄድ አልፈለገችምና ልቅሶውን ለማታ አስተላለፈችው።

ካርቶን የሚለውን ስም ያወጡላት ጋሼ ናቸው፣ የአክስቷ ባል። የማሸጊያ ንድፍ ዲግሪዋን ይዛ የመጣች ቀን፣ «የሰው ልጅ ተምሮ ሕንፃ ይነድፋል፣ ድልድይ ይነድፋል፤ የእኛዋ ካርቶን ነደፈች» ብለው ሳቁ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀና ስሙ በዚያው ጸና። ጋሼ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግና ወንበር ነው። ደንበኛ ሲገባ አንዱን ባልዲ ከሲሚንቶው ጋር ያላትሙትና ሳይሰበር ሲነጥር፣ «ይኼ ለልጅ ልጅ ይተርፋል!» ይላሉ። «ችግሩም እሱ ነው እኮ ጋሼ» ትላቸዋለች ካርቶን። እሳቸው እንዲህ ያለ ክርክር አይገባቸውም። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ችግሩ ደንበኛው ተመልሶ አለመምጣቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ችለው ኖረዋል። ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ። ካርቶን ዛሬ የሽቶ ቤቱን ሥራ ካገኘች ክፍል ተከራይታ ከአክስቷ ቁም ሣጥን ትወጣለች፤ ካላገኘች ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሱቅ ገብታ ባልዲ ታላትማለች። በዚህ ተጨባብጠዋል፤ አክስቷም ምስክር ናት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ፍሩሽካና ሰጋቱራ ትቀቅላለች፤ ሲበርድ የእንጉዳይ ዘር ትበትንበትና ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ጨለማና ሙቀት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በዚያ ቤት አብረው የሚገኙት ደግሞ በአክስቷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከካፖርቶቹ ሥር ነው። በሳምንቱ ነጩ የእንጉዳይ ሥር ፍሩሽካውን ሰፍቶ ሰፍቶ አንድ አካል ያደርገዋል። ያኔ ኦቭን ገብቶ ካልደረቀ ማደጉን አይተውም። አንድ ጊዜ ዘንግታው የጋሼ ካፖርት ኪስ ውስጥ ጆሮ የሚያክል እንጉዳይ በቅሎ ተገኝቷል፤ ጋሼ እጃቸውን ለመሐረብ ሰድደው ያገኙትን ነገር እስከ ዛሬ በተሰበሰቡበት ሁሉ ያወሩታል። በደንብ የደረቀው ግን እንደ ዳቦ ይቀላል፣ እንደ ቡሽ ይጠነክራል፣ ሲዳስሱት ገር ቆዳ ነው። ውድ ሽቶ ተቀምጦበት ቢሸጥ የማያሳፍር፣ ሽቶው ሲያልቅ አበባ መትከያ ውስጥ ቢቀብሩት አፈር የሚሆን ሣጥን። ቅርጽ ማውጫው ከጋሼ ሱቅ የመጣ ክብ የፕላስቲክ ሳህን መሆኑን ለሽቶ ቤቱ ለመናገር አላሰበችም።

ለዛሬ ሦስት ሠርታ ነበር፤ ሁለቱ ኦቭን ውስጥ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው ግን አማረላት። ክብ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ መሃሉ ላይ ብልቃጡ የሚቀመጥበት ጉድጓድ የተሠራለት ነው። ክዳኑን ክፍሏ ወስዳ በሰም ታሸዋለች፤ ሣጥኑ ራሱ ደግሞ እርጥበት እንዳይስብ እስክትወጣ ድረስ ወጥ ቤት፣ ኦቭኑ አጠገብ መቀመጥ ነበረበት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አክስቷ ለአማቾቿ የጋገረችው ኬክ በዕለት ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«ይኼን ነገር ከዓይኔ አንሺልኝ» አለች አክስቷ።

«እትዬ፣ ኦቭኑ አጠገብ ካልሆነ ይበላሽብኛል። ሁለት ሰዓት ብቻ።»

«እንግዶቼ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሻጋታ ቢያዩ ጉድ አይደለም የምባለው?»

ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተችና ዳሩ በእጅ የተጠለፈውን፣ ለክብር ቀን እያለች ዓመት ሙሉ ያስቀመጠችውን ነጭ ጨርቅ አውጥታ ሣጥኑን ሸፈነችው። ካርቶን ዓይኗን ማመን አቃታት። አክስቷ ግን አስባበታለች፤ ያማረ ጨርቅ ያየ እንግዳ ጨርቁን ያደንቃል እንጂ አይገልጥም ባይ ናት። ይህ ዘዴ ለእንግዳ ይሠራ እንደሆነ አይታወቅም፤ ለባል ግን እንደማይሠራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ታየ።

አማቾቹ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ። አክስቷ ግማሽ ፀጉሯ ቢጎዲን ላይ እያለ በሩ ተንኳኳ፤ የቀሩትን ቢጎዲኖች ነቅላ ሶፋው ትራስ ሥር ደብቃ ከፈተች። የሙሽራው አባት ደልደል ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚስቁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቀጭን ናቸው፤ ትልቅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሙሽሪትና እጮኛዋ የሠርግ አዳራሽ ሊያዩ ስለሄዱ የቀሩት አራቱ ወላጆች ብቻቸውን ተፋጠጡ። ስለ ደረጃው ርዝመት ተወራ። ስለ አዳራሽ ኪራይ መወደድ ተወራ፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሊበላ ነው ወይስ ሊኖርበት ነው ተባለና ተሳቀ። ከዚያ ወሬ አለቀ። ሁሉም ምንጣፉን አዩት፤ ምንጣፉ ግን ብዙ የሚያስወራ ነገር አልነበረውም። የሙሽራው እናት እግዜር ይስጣቸው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጀመሩና፣ የሕመሙን ቦታ ለማሳየት የአክስቷን እጅ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እጅ ተይዞ መነሳት ነውር ነው። ስለዚህ አክስቷ ወደ ጋሼ ዞር ብላ፣ «ኬኩ ወጥ ቤት ጨርቅ ተሸፍኖ አለ፤ ቁረስና አምጣልን» አለች።

ጋሼ ወጥ ቤት ገብተው ሥራ የሠሩት ለመጨረሻ ጊዜ የሠርጋቸው ሰሞን ሳይሆን አልቀረም። ቢላውን ለማግኘት የከፈቱት መሳቢያ ቁጥር የለውም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የተሸፈነ ነገር አዩ፤ አንዱ በዕለት ጨርቅ፣ አንዱ በጥልፍ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰውዬው የተሳሳቱት ስለማያስቡ ሳይሆን ስላሰቡ ነው። ሚስታቸው ለአማቾቿ ያዘጋጀችውን በየትኛው ጨርቅ እንደምትሸፍን የሚያውቁ መሰላቸው። ጥልፉን ሲገልጡ ልባቸው ስንጥቅ አለ፤ የኬኩ መሃል ሰጥሟል! ያችን ሚስኪን ሴት ይህን አይተው አማቾቿ ምን ሊሏት ነው? ጋሼ ሚስታቸውን ይወዳሉ። ማቀዝቀዣውን ከፍተው የብርቱካን ማርማላታ አወጡና ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞሉላት። ከዚያ ቢላውን ሰደዱ። አልገባም። የዳቦውን መጋዝ ጥርስ ቢላ ፈልገው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አውጥተው፣ ሣጥኑን በክርናቸው ደግፈው ገዘገዙት፤ አንዱ ጠርዝ ቀጥ፣ ሌላው ጠመም ያለ አንድ ወፍራም ቁራሽ ወጣ። ለሦስት ከፍለው በሳህን አደረጉና ፍርፋሪውን ለራሳቸው ቀመሱ። ሚስታቸው በሙያ እየበረታች ነው ሲሉ አሰቡ።

ካርቶን የግዝገዛውን ድምፅ ክፍሏ ሆና ሰምታለች፤ ጎረቤት በር የሚያስጠግን መሰላት። ክዳኑን ወልውላ፣ የስብሰባ ልብሷን ለብሳ፣ ሣጥኗን ልታነሳ ስትወጣ በሳሎኑ በኩል አለፈች። የሙሽራው አባት ያኝካሉ። ሳህናቸው ላይ ያለውን ስታይ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ከዚያ አወቀችው። ክው አለች። አንድ ሳምንት በጨለማ ያሳደገችው፣ ሌሊት እየተነሳች ሙቀቱን የለካችው ሣጥን በማርማላታ እየተበላ ነው።

«ይኼማ ጤና ነው» አሉ የሙሽራው አባት፣ ከብዙ ማኘክ በኋላ። «ፍሩሽካ አለበት መሰለኝ። ሐኪሜ ብላ የሚለኝ እንዲህ ያለውን ነው።»

«ጣፋጭ ነው» አሉ ሚስታቸው። አንድ ጊዜ ጎርሰዋል፤ የቀረውን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ሲያስገቡ ካርቶን አየቻቸው። ቦርሳው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ፍሩሽካና የእንጉዳይ ሥር ሰው አይገድልም፤ ሰጋቱራውም ቢበዛ ሆድ ያስጨንቃል። ካርቶን ይህን ታውቃለች። ግን ምን ትበል? የምትበሉት የሽቶ ሣጥን ነው ብትል አክስቷ ተዋርዳ ትቀራለች፣ የሙሽሪትም ነገር በዚያው የቤተ ዘመድ መሳቂያ ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ የቀረውም ሊበላ ነው። ቀና ስትል ዓይኗ ከአክስቷ ዓይን ተጋጠመ። አክስቷ ሳህኑን ይዛለች፣ አልቀመሰችም፣ ሁሉን ነገር ገና ጋሼ ከበሩ ሲገቡ አውቃዋለች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ደብቃ ደብቃ ሻጋታውን ከነክብሩ ሳሎን ውስጥ አስቀርባዋለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አክስቷ ቁራሿን በሹካ አነሳች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ካርቶንን እያየች አኘከች፣ ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንግዶቹ የእናት ደስታ መሰላቸው።

«ልጨምርልዎ!» አሉ ጋሼ ለሙሽራው አባት፤ ስኬት ራሳቸው ላይ ወጥቷል።

«ኧረ በቃኝ።»

«በሞቴ! አንድ ብቻ!»

«እንግዲህ በሞቴ ካሉ፣ ትንሽ…»

ጋሼ ወደ ወጥ ቤት ዞሩ። ያኔ ነው አክስቷ ሳህኗን አስቀምጣ ብድግ ያለችው።

«አይሆንም! የቀረው የእሷ ነው» አለች። «ለሥራዋ ትወስደዋለች።»

ሥራዋ አለች። ካርቶን ጆሮዋን ማመን አቃታት። የሙሽራው እናት ፊታቸው በራ፤ ሁለተኛ ቁራሽ ስለ ቀረላቸው ይሁን ወሬ ስለ ተገኘ አይታወቅም። «ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?» አሉ።

«ከሽቶ ቤት ጋር ነው የምትሠራው» አለች አክስቷ።

«ሽቶ ቤት ኬክ ይወስዳሉ?»

«ዘመኑ ነው» አሉ ጋሼ፣ በሙሉ ልብ።

ካርቶን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የተረፈውን አየችው። ጎኑ ተቦድሷል፤ በተቦደሰው በኩል ማርማላታው ተንጠባጥቧል። ውሃ ቢነካው ያብጣልና በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፤ ማርማላታው ወጣ፣ የብርቱካኑ ሽታ ግን ውስጡ ገብቶ ቀረ። ወደ ሽቶ ቤቱ ደውላ ቀጠሮ ልታራዝም ስልኳን አነሳች። ከዚያ አክስቷ ያን ቁራሽ እንዴት እንደዋጠችው ትዝ አላት። ስልኩን መልሳ ሣጥኑን ከነክዳኑ በፎጣ ጠቀለለችና በኋላ በር ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትዋሸውን አዘጋጀች። «የቆረጥኩት ውስጡን እንዲያዩት ነው» ትላለች። ጥሩ ውሸት ነው፤ ሙያ ይሸታል። ከእሱ በፊት በቃሏ ያጠናችውን ትላለች፦ ለምድራችን ገር፣ ለክብርዎ የሚመጥን። መስታወት ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ ብላዋለች፤ እዚያ ያምር ነበር።

የሽቶ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል እግር የሚውጥ ምንጣፍ ነበረው። ከእሷ በፊት የገባው ሰውዬ ዕብነ በረድ የሚመስሉ የፕላስቲክ ሣጥኖች ደርድሮ ሲወጣ ተላለፉ፤ ሰውዬው በፎጣ የተጠቀለለውን አይቶ ፈገግ አለ። የሽቶ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ካርቶን ፎጣውን ፈታች። ሴትዮዋ ሣጥኑን አዩት። አዙረው አዩት። አሸተቱት።

«ብርቱካን?»

«አዎ፤ ማለቴ…» ለምድራችን ገር የሚለው ጠፋባት።

«ይኼ ለምን ተቆረጠ?»

ውሸቷ አፏ ላይ ደርሷል። ግን ሴትዮዋ መነጽራቸውን አግኝተው ዓይኗን ሲያዩአት ውሃ ሆነች።

«የአክስቴ ባል ቆረሱት።»

«ለምን?»

«ኬክ መስሏቸው።»

ሴትዮዋ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ታዲያ ቁራሹ የት ሄደ?»

«ተበላ።»

«ማን በላው?»

«አማቾቻችን። አንደኛው ሊደገምላቸው ነበር።»

የሴትዮዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ካርቶን የታመሙ መሰላትና ውሃ ልትፈልግ ተነሳች። እየሳቁ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ እንደገና ሣጥኑን አዩና እንደገና ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ሣጥን ስገዛ ኖርኩ» አሉ ሲበርድላቸው። «ሰው ሽቶውን አውጥቶ የሚጥለው ነው። የተበላ ሣጥን ግን አላየሁም። ያኛው ሰውዬ ዕብነ በረዱን ይብላው እስቲ!» ከመደርደሪያ ብልቃጥ አንስተው ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጡት፤ ልክ ገባ። ክዳኑን ጫኑበት። በተቦደሰው በኩል የሽቶው ወርቃማ ቀለም በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ አለ። ካርቶን ራሷ የሠራችው ነገር እንደዚህ ያማረ መሆኑን አላወቀችም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አድርጋ አልሠራችውም።

«ይኼን ነው የምፈልገው» አሉ ሴትዮዋ። «እንደተቆረጠ።»

«እሺ! በማሽን ቀጥ አድርጌ…»

«ቀጥ አይደለም! ቀጥ ያለማ ሞልቷል። እንደዚህ፣ ባንድ በኩል ጠመም ብሎ። ሰው የቆረሰው ነው የሚመስለው እኮ።» አውራ ጣታቸውን በጠማማው ጠርዝ ላይ አሳለፉ። «ሰኞ ነይና ውሉን እንፈርም። የአክስትሽን ባልም ይዘሻቸው ነይ፤ ቢላቸውን ይዘው ይምጡ።»

ቤት ስትደርስ አማቾቹ ሄደው ነበር። አክስቷ ሶፋው ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ጋሼ የዕለት ጨርቁን ገልጠው ያልቀረበውን ኬክ አግኝተዋልና ነገሩ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ካርቶን ከመቀመጧ በፊት የሆነውን ነገረቻቸው። እስክታምናት ድረስ አክስቷ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ካርቶን ግን ራሷ ልትቆርጠው እንደምትችል ለማረጋገጥ የተሰነጠቁትን ሁለት ሣጥኖች አውጥታ ሞከረች፤ ብትሞክር ብትሞክር እጇ ቀጥ እያለ አስቸገራት፤ ትምህርት መጥፎ ነው። ጋሼ ቢላውን ተቀበሏት። ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አወጡ፣ በክርናቸው ደገፉ፣ ገዘገዙ። አንዱ ጠርዝ ቀጥ፣ አንዱ ጠመም። ያው ራሱ።

«እኔ የፕላስቲክ ነጋዴ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ቅር ያላቸው ለመምሰል እየሞከሩ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አሉ።

እራት ላይ እውነተኛው ኬክ ተቆረሰ። ጋሼ ጎርሰው አኘኩ፣ አሰቡ፣ ሚስታቸውን አዩ። «የጠዋቱ ይሻል ነበር» አሉ።

ከእራት በኋላ ካርቶን ጥርሷን ልትቦርሽ መታጠቢያ ቤት ገባች። በግድግዳው ማዶ አክስቷ ስልክ ይዛለች።

«ምን ሥራ አላት ትያለሽ እንዴ?» ትላለች፣ ከተማው እንዲሰማ። «ባሌን እንኳ ቀጥራዋለች!»

«ተቀጣሪ አይደለሁም፣ አማካሪ ነኝ!» አሉ ጋሼ ከወጥ ቤት።

ካርቶን ከጠዋት ያስተላለፈችውን ልቅሶ ያኔ አለቀሰችው፣ የጥርስ ብሩሿ አፏ ውስጥ እንዳለ።